ብርቄ ሐረጎ ላይ አኮረፈች

ድሮ መኪና ይበላሽ ነበር። ይህን የምለው ኮምቦልቻ ላይ አርባ ዓመት ጋራዥ ከፍቼ የኖርኩ ሰው ነኝና የማወራውን አውቃለሁ። ሞተሪኖው ይሞታል፣ ቺንጋው ይበጠሳል፣ ካንዴላው ይቆሽሻል። ኮፈኑን ትከፍታለህ፣ ትሰድበዋለህ፣ በመዶሻ መታ መታ ታደርገዋለህ፣ ይነሳል። የዛሬ መኪና አይበላሽም። እግዜር ያያል፣ ከሃያ ዓመት ወዲህ የተበላሸ አዲስ መኪና በዓይኔ አላየሁም። የዛሬ መኪና ያኮርፋል።

በ2093 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሚሰማው የሞተር ድምፅ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ «እንዴት አደርሽ? ብርዱ እንዴት ነው? ደህና ተኛሽ?» ይላል። ለሚስቱ እንዳይመስላችሁ። መኪናዋ «ይመስገን» ካለች በሩ ይከፈታል። ዝም ካለች ሰውየው እዚያው ቆሞ ትናንት ያወራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማሰብ ይጀምራል። መሥሪያ ቤት አርፍዶ የገባ ሠራተኛ «መኪናዬ አኩርፋብኝ» ካለ አለቃው ራሱን ነቅንቆ «አይዞህ» ይለዋል። ቀበሌው ሦስተኛ ፎቅ ላይ «የሰውና የመኪና ዕርቅ» የሚል መስኮት አለ፤ ወረፋው ከልደት ካርድ ወረፋ ይረዝማል።

ለምን እንዲህ ሆኑ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ከእኛ ጋር ኖረው ከእኛ ተማሩ ይላሉ አዋቂዎቹ። እንዲያ ከሆነ ስንት ደግ ነገራችንን ትተው ኩርፊያችንን ብቻ መማራቸው ይገርመኛል።

ያብስራ የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ በአራት ዓመቱ ጥላው ሞተች፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ምንም አይጎድለው፣ እንዲያው አንዲት የደሴ ልጅ ወዶ እንቅልፍ አጣ። ሶልያና ትባላለች። እሷም ወዳዋለች። ችግሩ አባቷ ነው። አቶ ድንበሩ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ሰዓት ሲያዩ ጸሎት የሚያደርስ ሰው ይመስላሉ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቷን ለብቻቸው ነው የያዙት። እሷም ቁርጥ አድርጋ «አባዬ ካልመረቀኝ አላገባም» ብላለች። ስለዚህ ሽምግልና ላክን።

ላክን ማለት ሞከርን። የመጀመሪያው እሑድ የያብስራ መኪና ብርቄ መንገድ ላይ ቆመችና «ትንሽ ልማር ነው» ብላ መብራቷን ጨፈነች። አራት ሰዓት ተማረች። ምን እንደተማረች እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሁለተኛው እሑድ ደሴ መግቢያ ላይ ደርሰን ሳለ ድንገት ዞራ ወደ ኋላ መለሰችን፤ አብራት ትቆም የነበረች የሠፈር መኪና ለብረት ልትቀልጥ ነው፣ ቀብር ሳልደርስ ብቀር ምን ይሉኛል አለች። ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብሳችንን ለብሰን የብረት ማቅለጫ በር ላይ ቆመን አለቀስን። እውነቱን ለመናገር እኔ አላለቀስኩም።

አቶ ድንበሩ ከዚያ በኋላ መልእክት ላኩ። «ሦስተኛው እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ከአንድ ሲል በሬን እዘጋለሁ፤ አራተኛ ቀጠሮ የለም። ቃሉን የማይጠብቅ መኪና ለሚያምን ሰው ልጄን አልሰጥም። እኔ ይኸው በ2012 ስሪት አሮጌ መኪና ስሄድ አንድ ቀን ዘግይቼ አላውቅም።»

ያብስራ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። እኔን ያናደደኝ ደግሞ በሆዴ «ሰውየው ልክ ነው» ማለቴ ነው።

እሑድ ከሰዓት ሰባት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ደሴ ግማሽ ሰዓት ናት፤ ግን ልምድ አስተምሮናል። ከእኔ ሌላ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሐጂ ሙሄ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በከተማው ያላስታረቁት ሰው የለም፤ ሁለት ዶሮ ሲጣላ ቢያዩ ቁጭ ብለው «ማነው የጀመረው?» የሚሉ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ። ጡረታ የወጡት ከደመወዙ ነው እንጂ ከዳኝነቱ አይደለም።

ሁለቱ ገቡ። እኔ ከመግባቴ በፊት የፊት ጎማዋን በእግሬ መታ አደረግኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አርባ ዓመት የለመደ እግር ነው። መካኒክ የሆነ ሁሉ ያደርገዋል። ምናልባት «ይቺ ቆርቆሮ ዛሬስ ታደርሰን ይሆን?» ብያለሁ። ምናልባት።

ብርቄ «እንዴት ዋላችሁ» አለች፣ በሩን ዘጋች፣ ሄደች። ሌላ ቀን ቢሆን ከቤታችን ወደ ደሴ እስከሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ሥር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰው ሠርግ፣ ማን ከማን እንደተጣላ አውርታ ጆሮ ትበላለች። ዛሬ ዝም። ሐጂ አንዴ ዞረው አዩኝ። እኔ በመስኮት ባሕር ዛፍ አያለሁ።

ሐረጎ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬቻዋን አብርታ በጨዋ ደንብ ዳር ይዛ ቆመች።

«ብርቄ፣ ምነው?» አልኩ።

«ምንም።»

ያገባ ሰው ይህቺን «ምንም» ያውቃታል።

«እንግዲያው እንሂድ፣ የኔ እመቤት።»

«ሂዱ እናንተ።»

«በምን እንሂድ?»

«እኔ ምን አውቄ። በእግር። የጋሽ አንዳርጌ እግር ብርቱ ነው።»

እትዬ ዘነቡ ቀስ ብለው መነጽራቸውን ከቦርሳ አወጡ። «አንዳርጌ፣ ምን አደረግክ?»

«ምንም!» አልኩ። አሁን ሁለታችንም ምንም።

ወርጄ ሌላ መኪና ለማስቆም እጄን ዘረጋሁ። አንዷ ዝግ አለች፤ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሊጭነን ፈልጎ መስኮቱን ሲያወርድ ብርቄ መብራቷን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገች። የሰውየው መስኮት አፍንጫው ላይ ተዘጋ፤ መኪናዋ ይዛው ነጎደች። ሰውየው በኋላ መስታወት በኩል በእጁ ይቅርታ ሲለኝ አየሁት። ስድስት መኪና እንዲህ አለፈን። አድማ ነው። አንዷ ያኮረፈችውን ሰው ሌላዋ አትጭነውም፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል፣ እኔ ግን ሞኝ ነኝና ሞከርኩ።

ተመልሼ ኮፈኗ ፊት ቆምኩ። የሚከፈት ነገር የለውም፤ ከፋብሪካ ተጣብቆ ነው የሚወጣው። አርባ ዓመት ሙሉ እጄን የማስገባበት ቦታ ላይ እንደ ድስት ክዳን ለስላሳ ብረት።

«በቃ ይቅርታ!» አልኳት። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። እንሂድ።»

«ከልብ አይደለም» አለች ብርቄ። «ድምፅዎ ውስጥ ሰዓት እንጂ ይቅርታ የለም። እኔ ሽማግሌ ይግባልኝ።»

አይ እንግዲህ! ይህን ቃል ባትናገር ምን ነበረበት? ዞሬ ሳይ ሐጂ ሙሄ ከመኪናው ወርደው ምንጣፋቸውን ከጥዱ ሥር ዘርግተዋል። እትዬ ዘነቡ ድንጋይ መርጠው ተቀምጠዋል። የሁለቱም ዓይን እንደ ልጅ ያበራል።

«ሐጂ!» አልኩ። «ዘጠኝ ሰዓት! ድንበሩ! የያብስራ ትዳር!»

«አብሽር ወንድሜ» አሉ ሐጂ። «ሽማግሌ ግባ ተብሎ እየተለመነ አልፎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው? የራሳችንን ጠብ ሜዳ ላይ ጥለን የሰው ልጅ ልንለምን? ነውር ነው ወላሂ። ተቀመጥ።»

«ተጠሪው ይቀመጥ» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ተጠሪው ተቀመጠ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ብርቄ አቤቱታዋን ጀመረች። ጎማው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ከ2091 ነው የጀመረችው። መስከረም አሥራ ሰባት ቀን «ቆርቆሮ» ብያታለሁ። ኅዳር ላይ በሯን በጀርባዬ ዘግቻለሁ። በዚያው ዓመት ፋሲካ ዋዜማ የበግ ገመድ ይዤ ገብቼ «እዚህ ላይ ብናስረውስ» ብያለሁ። በ2092 ጥር ላይ ደግሞ የኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ «ድሮ ቀረ» እያልኩ አሥራ አንድ ጊዜ ተንፍሻለሁ።

«ተንፍሰሃል?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«መተንፈስም ተከለከለ እንዴ?»

«ጥያቄውን መልስ።»

«ተንፍሻለሁ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ?»

«እኔ አልቆጠርኩም! እሷ ናት የምትቆጥር!»

«አልካደም» አሉ እትዬ ዘነቡ ለሐጂ።

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ «ልጄ ብርቄ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ስትችዪ ኖረሽ ዛሬ ምን ገፋሽ?» አሏት።

«ዛሬ እንኳ እችል ነበር» አለች ብርቄ፣ ድምፅዋ ቀጠነ። «ገላዬን ታጥቤ፣ ለሽምግልና ነው የምሄደው ብዬ፣ ከትናንት ጀምሬ ለራሴ እያልኩ። ሁለት ጊዜ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ፣ ዛሬ ላድርሳቸው ብዬ። በሩን ስከፍትላቸው እርግጫ።»

ሐጂ «እህህ» አሉ። እትዬ ዘነቡ እኔን በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ትንሽ አፈርኩ።

ስምንት ከአርባ ላይ ያብስራ ደወለ። «ጋሼ፣ ደሴ ገባችሁ?»

«ሐረጎ ላይ ነን።»

«ምን እያደረጋችሁ?»

«እየተከሰስኩ ነው።»

በቀስታ «ጋሼ፣ ጎማዋን መታህ እንዴ?» አለኝ።

ልጁ ያውቀኛል። «እግሬ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ። «እሺ ጋሼ። አትጨናነቅ። ካልሆነም ይቅር።» ድምፁ ግን «ይቅር» ላይ ሲደርስ ተሰበረ፤ ስልኩን ዘጋ። እናቱ የሞተች ዕለት ጋራዡ ጥግ ጎማ ላይ ተቀምጦ «እሺ» ይለኝ የነበረው እንደዚያው ነው። ሰው ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን ሠላሳ አንድ ዓመት አድርሼ ትዳሩን በገዛ እግሬ ረግጬ ልሰብር ነው ብዬ አሰብኩ።

«ፍረዱብኝ» አልኩ ለሽማግሌዎቹ። «የፈለጋችሁትን ፍረዱ። ብቻ ፈጥናችሁ ፍረዱ።»

ተመካከሩ። መመካከር ብቻውን ሩብ ሰዓት ፈጀ። ፍርዱ እንደ አባቶች ደንብ ሆነ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ፊቷ ቆሜ ይቅርታ እንድል። አንድ ደህና የሚሆን ድንጋይ አነሳሁ፤ እትዬ ዘነቡ «ይቺ ጠጠር ናት» ብለው ጣሉብኝ። ሌላ መረጡልኝ። የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ የበግ ግልገል የሚያህል ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በሙሉ ልብሴ፣ ሐረጎ መታጠፊያ ላይ፣ መኪና ፊት ቆምኩ። የሚያልፉት መኪኖች ሁሉ ዝግ እያሉ ያያሉ። አንዷ እንዲያውም ተመልሳ መጣች።

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ከሦስት። ተዘግቷል በሩ።

የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ የሚያስቸኩለኝ ነገር ጠፋ። አፌን ስከፍት ያሰብኩት ሌላ ነበር፣ የወጣው ሌላ ነው።

«ብርቄ» አልኩ። «አንቺን የማልወድሽ አንቺ ምን አድርገሽኝ አይደለም። ድሮ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው መኪናው ሲቆምበት ነው። ኮፈኑን ከፍቼ እስክጨርስ አጠገቤ ቆሞ ስለ ሚስቱ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ልጁ ያወራኛል። አርባ ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። እናንተ መጣችሁ። መበላሸት ቀረ። ሰውም መምጣቱን ተወ። ጋራዡን የዘጋሁ ዕለት ደጄ ላይ አንድ ሰው አልነበረም። ጎማሽን የምመታው ነፋሱን ለማወቅ አይደለም፤ ነፋስሽን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ምናልባት አንድ ነገር ጎድሎሽ ቢሆን ብዬ ነው። ይኸው ነው። ድንጋዩም ከብዶኛል።»

እትዬ ዘነቡ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉ።

«የኋላው የግራ ጎማ» አለች ብርቄ «ትንሽ ነፋስ የቀነሰ ይመስለኛል።»

ድንጋዩን ጥዬ ሄጄ አየሁት። ሙሉ ነው፤ እንደ ከበሮ የተወጠረ። ውሸቷን ነው።

«ትንሽ ቀንሷል» አልኳት።

«ስንመለስ ያዩልኛል?»

«አየዋለሁ።»

በሩ ተከፈተ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ አቶ ድንበሩ ደጅ ደረስን። ብረት በሩ ተዘግቷል። ከበሩ ፊት ያቺ የሚኩራሩባት አሮጌ መኪና ቆማለች፤ ነጭ ነበረች፤ አሁን ምን እንደሆነች እንጃ። የሙያ ዓይን አይዋሽም፤ ከሥሯ የዘይት ኩሬ ተኝቷል፤ ፓራውልቷ በሽቦ ታስሯል፤ ሁለት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተወትፏል። ወዲያው ወደድኳት።

ሐጂ በሩን አንኳኩ። «አቶ ድንበሩ፣ የእግዚአብሔር እንግዳ ነን።»

«እንግዳዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር የሚመጣው» የሚል ድምፅ ከበሩ ጀርባ መጣ። እዚያው በሩ ሥር ወንበር አድርገው ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው። «አርባ ደቂቃ ዘግይታችኋል። በደህና ግቡ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ፣ ግንባሬን ብረቱ ላይ አስደግፌ። «የልጁ አይደለም። መኪናዋን በእግሬ መታኋት፣ አኮረፈች፣ ሐረጎ ላይ ቆመን ስንታረቅ ነው የዋልነው። እኔን ይቅጡኝ። ልጁን ግን...» መጨረስ አቃተኝ።



«ታረቃችሁ?» አሉ አቶ ድንበሩ።

«አዎ ታረቅን።»

«ከልቧ?»

«ከልቧ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«ሁለት ሰዓት የማይሞላ።»

ቁልፉ ተንቋቋ። በሩ ተከፈተ። አቶ ድንበሩ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከረባት ያሰሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የእኔን ክንድ ያዙ። «ዝም ብላችሁ ግቡ» አሉ በሹክሹክታ። «ጎረቤት እንዳይሰማ።»

ወደ ሳሎን መሰለኝ፤ ወደ ጓሮ ነው የወሰዱን። ጓሮው ውስጥ ሸራ የለበሰ ነገር አለ። ሸራውን ገለጡት። አዲስ መኪና። እንደ ብርቄ ያለች፣ እንዲያውም የበለጠች።

«አዱኛ ትባላለች» አሉ። «ካኮረፈችኝ ዘጠኝ ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም።»

«እና የ2012ቷ?» አልኩ። «አንድ ቀን ዘግይቼ አላውቅም ያሉት?»

አቶ ድንበሩ ከረባታቸውን ነካኩ። «አልዘገይም። ስምንት ሰዓት ቀጠሮ ካለኝ አራት ሰዓት እነሳለሁ። አንድ ሰዓት ለመግፋት፣ አንድ ሰዓት ለራዲያተሩ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ለማይታወቀው። ሶልያና እየገፋች ወገቧ ተቆረጠ። ምን ላድርግ? አኩርፋብኛለች ብዬ ለሰው እንዴት ልናገር? አሮጌ ይሻላል ማለት ቀለለኝ።»

ሐጂ ምንጣፋቸውን አስቀድመው አንጥፈዋል። በዚህ በኩል እሳቸው አይታሙም። ብርቄ በጓሮ በር ቀስ ብላ ገብታ ከአዱኛ ጎን ቆመች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳኞች ወገን ተቀመጥኩ፤ ደስ ይላል፣ ሰው ለምን እንደሚወደው ገባኝ።

ሐጂ ጠየቁ፤ አዱኛ ዝም። እትዬ ዘነቡ ጠየቁ፤ ዝም። አቶ ድንበሩ ድንጋይ ሳይታዘዙ ሊሸከሙ ተነሱ፤ ዝም። መጨረሻ ላይ ብርቄ «እህቴ፣ እነዚህ ሰዎች አይቸኩሉም። ንገሪያቸው» አለቻት።

የአዱኛ መብራት ደብዘዝ ብሎ በራ።

«አቃጣሪ አሉኝ» አለች። ዘጠኝ ወር ያልተናገረ ድምፅ ነው፤ ይሻክራል። «ልጄን ኮምቦልቻ እየወሰድሽ ከወንድ ጋር የምታገናኚ አንቺ ነሽ፣ አቃጣሪ አሉኝ። እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት። እናቷ የሞተች ቀን ከሆስፒታል ያመጣኋትም እኔ ነኝ፤ የኋላ ወንበሬ ላይ ተጠቅልላ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ውስጥ ስቃ አታውቅም። ከዚያ ልጅ ጋር ኮምቦልቻ ላይ ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ሳቀች። ሐረጎን እስክንጨርስ ሳቀች። እኔ ቤት ስደርስ ለአባቷ ልነግራቸው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ መጣሁ።»

«ለምን ታዲያ አልነገርሽኝም?» አሉ አቶ ድንበሩ።

«እርስዎ 'ስንት ሰዓት ተመለሰች?' ብቻ ነው የጠየቁኝ» አለች አዱኛ።

አቶ ድንበሩ ሸራው ላይ ተቀመጡ። የእጅ ሰዓታቸውን በሌላው እጃቸው ሸፈኑት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀና ሲሉ ሶልያና የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉን ሰምታለች።

«ሶልዬ» አሏት። «ከዚያ ልጅ ጋር ስትሆኚ... ትስቂያለሽ?»

«እስቃለሁ አባዬ።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

እያለቀሰች ነበር፤ እየሳቀችም ነበር። አባትየው ሄደው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ አዱኛ ዞረው «ሰጥቻለሁ» አሉ። «ሰምተሻል? ሰጥቻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

አዱኛ ክላክሷን ነፋች። ብርቄ ተቀበለቻት። ከአጥር ወዲያ የጎረቤት መኪና፣ ቀጥሎ የሚቀጥለው ግቢ መኪና፣ ቀጥሎ መንገዱ ሁሉ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለያብስራ ደወልኩ፤ በጩኸቱ አንዳችም አይሰማኝ፣ እሱም አይሰማኝ፣ ግን «ሰጡ! ሰጡ!» እያልኩ ስጮህ ከወዲያ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ መጣ።

«ቆይ፣ ቆይ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሐጂ ሙሄ ናቸው፤ ሁለት እጃቸውን አንስተው መሐል ቆመዋል። «ምን ማለት ነው ይኼ? ገና አልጠየቅንም እኮ! ልጃችሁን ለልጃችን ሳንል፣ ከየት ነን ሳንል፣ ማን ልኮን ሳንል? እኔ ይህን ንግግር ሦስት እሑድ አጥንቼዋለሁ!»

«ሥነ ሥርዓቱ ይጠበቅ» አሉ እትዬ ዘነቡ።

መኪኖቹ ፀጥ አሉ። አቶ ድንበሩ ከረባታቸውን አስተካክለው የማያውቁን መስለው ቆሙ። ሐጂም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከአያት ቅድመ አያት ጀምረው፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ።